የአነጋገር ዘዬን ለወጣት ተዋንያን ማስለመድ፦ ደረጃ በደረጃ

«ልጆቹ የጎጃም ገበሬ ወይም የድሬዳዋ ነጋዴ ሆነው ሲጫወቱ ለምን ማሾፍ ይመስልባቸዋል? እንዴት ላለማምዳቸው?» ሀዋሳ ውስጥ ወጣቶችን ቴአትር ማለማመድ ከጀመርኩ ወዲህ ይህን ጥያቄ ያልሰማሁበት ወር ትዝ አይለኝም። የክበብ አስተባባሪዎች ይጠይቁኛል። የትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ መምህራን ይጠይቁኛል። ልጆቹ ራሳቸውም ይጠይቁኛል። ስለዚህ እኔ የምሠራበትን መንገድ ከነምክንያቱ እዚህ ጻፍኩላችሁ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙ። ዘዬ የሚለመደው ከአንድ ሰው ነው። «በወሎ አነጋገር ተናገር» ስትሉት ልጁ ጆሮ ውስጥ ያለው ከቀልድ የለቀመው ሦስት ቃል ብቻ ነው። የአንዲት ወሎዬ እናት ድምፅ ስታሰሙት ግን የሚይዘው ነገር ያገኛል። ከታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ የሚያርፉት እዚህ ላይ ነው።

ሁለት ቃላትን ደግሞ እንለይ። «ዘዬ» ስል ቃሉንና ሰዋስውን ማለቴ ነው፤ «ከቤት» ማለትና «ተቤት» ማለት የዘዬ ልዩነት ነው። «ቅላፄ» ስል ዜማውን፣ ፍጥነቱንና የድምፁን አወጣጥ ማለቴ ነው። አንድ ሰው የከተማ አማርኛ እየተናገረ ቅላፄው ብቻ አገሩን ሊናገር ይችላል። በልምምድ ጊዜ ቅላፄው ይቀድማል፣ ዘዬው ይከተላል። ለምን እንደሆነ አራተኛው ደረጃ ላይ ታዩታላችሁ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ድምፅ የሚቀዳ ስልክ። ተራ ስልክ ይበቃል።
- የጆሮ ማዳመጫ፣ በተጨማሪም ለቡድን ማሰሚያ ትንሽ ስፒከር።
- ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ደብተር፣ እርሳስና ሦስት ቀለም እስክሪብቶ።
- የእጅ መስታወት። ለሁለት ልጅ አንድ ይበቃል።
- በጣት ስፋት የተቀደደ ሶፍት።
- የሚጠጣ ውሃ።
- ጸጥ ያለ ክፍል። ጣሪያው ቆርቆሮ ከሆነ በክረምት ከሰዓት በኋላ አትቅጠሩ። ዝናቡ ሲወርድ ማንም ማንንም አይሰማም።

የልጆቹ ቁጥር ከ10 እስከ 12 ቢሆን ጥሩ ነው። ከዚያ ከበዛ እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው ለመስማት ጊዜ አይኖራችሁም። እኔ በሳምንት ሁለት ቀን፣ በቀን አንድ ሰዓት ተኩል፣ ለ6 ሳምንት እሠራለሁ። ዕድሜያቸው ከ13 እስከ 18 ለሆኑ ልጆች ይህ ይመቻል።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ ማስጠንቀቂያ

ሀዋሳ ውስጥ አንድ የልምምድ ክፍል ብትገቡ ቤቱ ሲዳምኛ፣ ወላይትኛ፣ ኦሮምኛ፣ ጉራጊኛ ወይም ሀዲይኛ የሚነገርበት ልጅ ታገኛላችሁ። ልጁ የሚለማመደው ገጸ ባሕርይ አነጋገር የጎኑ ጓደኛ እናት አነጋገር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን ደንባችን ይህ ነው፦ በማንም አነጋገር አይሳቅም፣ «ትክክለኛ አማርኛ» የሚባል ቃልም በዚህ ክፍል አይነሳም። እኛ የምንለው «የዚህ ሰው አማርኛ» ነው።

አንድን ልጅ «አንተ የዚያ አገር ልጅ ነህ፣ እስኪ አሳየን» ብላችሁ በጓደኞቹ ፊት አታስነሱት። ፈቃደኛ መሆኑን ለብቻው ጠይቁት። እንቢ ካለ ነገሩ እዚያው ያብቃ። በአነጋገሩ ተሰድቦ ያደገ ልጅ በክፍሉ ፊት ሲቆም ምን እንደሚሰማው ከፊቱ አታነቡት ይሆናል። በሚቀጥለው ሳምንት ሲቀር ግን ታውቁታላችሁ።

ጉሮሮም ይጠበቅ። ልጆች የገጠር ሰው ወይም ሽማግሌ ሁኑ ሲባሉ ድምፃቸውን ማሻከር ይቀናቸዋል። ይህ ጉሮሮ ይጎዳል፣ በተለይ ድምፃቸው ገና እየተለወጠ ያሉ ወንዶች ልጆችን። ጉሮሮው የሚከረክረው ልጅ ካለ የዚያን ቀን ዝም ብሎ ይስማ።

ደረጃ 1፦ ገጸ ባሕርይው ማን እንደሆነ ወስኑ

ጽሑፈ ተውኔቱ ላይ «ገበሬ፣ 50 ዓመት» ተብሎ ብቻ ከተጻፈ ዘዬ መጀመር አትችሉም። ልጁ በደብተሩ አምስት ጥያቄ ይመልስ። የት ተወለደ? ቤቱ በምን ቋንቋ አፉን ፈታ? አማርኛን መቼና ከማን ለመደ? ከተማ ከገባ ስንት ዓመቱ ነው? አሁን የሚያናግረው ማንን ነው?

የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ግን ሰው ሁሉ እንደ አድማጩ ይናገራል። ከሰሜን ሸዋ መጥታ ሀዋሳ 20 ዓመት የኖረች ሴት ለባንክ ሠራተኛ እንደምትናገረው ለእህቷ በስልክ አትናገርም። ልጁ ይህን ካላወቀ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ውፍረት ይናገራል። ያን ጊዜ ሰውየው ሰው መምሰሉ ይቀራል።

ደረጃ 2፦ ልጆቹ የራሳቸውን አፍ ይስሙ

ይህን ደረጃ አትዝለሉ። የከተማ ልጅ ሁሉ «እኔ ቅላፄ የለኝም» ብሎ ያምናል። ይህ እምነት ካልወጣ የሌላው ሰው አነጋገር «ጉድለት» ይመስለዋል፣ ሲጫወተውም ያንኑ ጉድለት ያጋንናል።

ልጆቹ «ሄጃለሁ»፣ «እመጣለሁ»፣ «እበላለሁ» የሚሉትን ቃላት በፍጥነት በሚነገር ወግ ውስጥ አስገብተው በስልካቸው ይቅዱ። ከዚያ አሰሙአቸው። አብዛኛው የከተማ ልጅ «ሄጃለው»፣ «እመጣለው» ነው የሚለው። «ሁ» የምትጻፍ እንጂ የምትሰማ አይደለችም። ልጆቹ በራሳቸው ድምፅ ይገረማሉ። ከዚህ ወዲያ «እኛም እንዲህ ነን» ማለት ይጀምራሉ፤ ለቀጣዩ ሥራ የሚጠቅማችሁ ልብ ይህ ነው።

ቀጥሎ ጆሮን በመጥበቅና በመላላት ሞርዱት። ፊደላችን ይህን ስለማይለይ ልጆች አያስተውሉትም። እነዚህን ጥንዶች አንዱ ይበል፣ ሌላው የትኛው እንደሆነ ይገምት፦

- ሰፊ (ልብስ የሚሰፋ) እና ሰፊ (ጠባብ ያልሆነ)
- ዋና (በሐይቅ ውስጥ የሚዋኙት) እና ዋና (አለቃ፣ ትልቁ)
- ገና (ያልደረሰ ጊዜ) እና ገና (የልደት በዓል)
- አለ (ተናገረ) እና አለ (ይገኛል)

በእያንዳንዱ ጥንድ ከሁለቱ አንዱ ይጠብቃል፣ አንዱ ይላላል። የትኛው እንደሆነ አትንገሯቸው፤ ራሳቸው ያግኙት። የጠበቀችው ፊደል አናት ላይ በእርሳስ ነጥብ ያድርጉ። ይህችን ነጥብ በኋላ ጽሑፉ ላይ እንጠቀምባታለን።

ደረጃ 3፦ ሰው ፈልጉ፣ አስፈቅዱ፣ ቅዱ

ሀዋሳ ላይ ሰው ማጣት አይቻልም። መናኸሪያው አካባቢ ከዲላ፣ ከሶዶ፣ ከሻሸመኔ የሚመጣ ሰው አለ። ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ዓሣ የሚያጸዱ ልጆች አሉ። ከጎንደር፣ ከወሎ፣ ከሐረር መጥተው ሱቅ የከፈቱ አሉ። የልጆቹ አያቶችና ጎረቤቶች ደግሞ ከሁሉ የቀረቡ ናቸው፣ ከእነሱ ጀምሩ።

ቀረጻው እንዲህ ይሁን፦

ሀ. ምን ልትሠሩበት እንደሆነ ለሰውየው በግልጽ ንገሩት፦ «ልጆቻችን ቴአትር ሊሠሩ ነው፣ የእርስዎን አነጋገር ሰምተው መማር ይፈልጋሉ። ድምፅዎ ከዚህ ክፍል አይወጣም።» ከዚያ አስፈቅዱት። ዕድሜው ከ18 በታች ከሆነ ወላጁ ይፍቀድ። በድብቅ አትቅዱ። ባጃጅ ውስጥ ደስ የሚል አነጋገር ከሰማችሁ በጆሯችሁ ያዙት፣ ስልካችሁን ግን አታውጡ።

ለ. ስልኩን የበረራ ሁነታ (ኤርፕሌን ሞድ) ላይ አድርጉት፣ መሃል ላይ እንዳይደወል። ከአፉ አንድ ክንድ ያህል አርቃችሁ ጨርቅ ላይ አስቀምጡት። ብረት ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጣችሁት የስኒው ድምፅ ሁሉ ይገባል። ሐይቅ ዳርም አትቅዱ፣ ነፋሱ ቀረጻውን ይበላዋል።

ሐ. አንብብልን አትበሉ። ሰው ሲያነብ የትምህርት ቤት ድምፁን ያወጣል፣ የቤቱ ድምፅ ይጠፋል። ወግ ጠይቁ። «የሠርግዎ ቀን እንዴት ነበር?» «ወደዚህ ከተማ መጀመሪያ የመጡ ቀን ምን ገጠምዎ?» «ዶሮ ወጥ እንዴት ነው የሚሠሩት?» ሰው ሲስቅ ወይም ሲናደድ እውነተኛ ቅላፄው ይወጣል።

መ. በመጨረሻ ከ1 እስከ 20 አስቆጥሩት፣ የሳምንቱን ቀናትም አስጠሩት። ይህ ሁለት ሰዎችን ጎን ለጎን ለማወዳደር ይረዳል፤ ቃሉ አንድ ስለሆነ የሚለየው አፉ ብቻ ነው።

አሥር ደቂቃ ቀረጻ ይበቃል። ከቻላችሁ ከአንድ አካባቢ ሁለት ሰው ቅዱ፣ አንዱ ወጣት አንዱ አዛውንት። ሁለቱ ላይ የሚደጋገመው ነገር የአካባቢው ነው። በአንዱ ብቻ የሚታየው የሰውየው የራሱ ነው።

ደረጃ 4፦ አፍ ዘግቶ መስማት

ሥራው ያለው እዚህ ነው። አንድ ሙሉ ሳምንት ስጡት። በዚህ ሳምንት ማንም ልጅ አይምሰል፣ አይድገም። መስማት ብቻ።

ሁለት ደቂቃ የሚሆን ክፍል መርጣችሁ አምስት ጊዜ አሰሙ። በየጊዜው የሚሰሙት ነገር አንድ ብቻ ይሁን።

*መጀመሪያ፦* ዓይን ጨፍነው። እርሳስ የለም። ስታበቁ «ይህ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? ደክሞታል? ደስ ብሎታል? ማንን እያሰበ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ልጆቹ በመጀመሪያ የሚያውቁት ሰውየውን እንዲሆን ነው። ሰውን ካወቁ በኋላ ማሾፍ ይከብዳቸዋል።

*ሁለተኛ፦* ዜማውን ብቻ። በወረቀት ላይ መስመር ይሳሉ፤ ድምፁ ሲወጣ መስመሩ ይውጣ፣ ሲወርድ ይውረድ። ዓረፍተ ነገሩ ሲያልቅ ምን ይሆናል? ይወድቃል? ተንጠልጥሎ ይቀራል? ጥያቄ ሲሆንስ?

*ሦስተኛ፦* ፍጥነትና ዝምታ። ትንፋሽ የት ይወስዳል? ከግሡ በፊት ነው ወይስ በኋላ? የትኛውን ቃል ያስረዝማል? በጣታቸው እግራቸው ላይ ምት ይምቱ።

*አራተኛ፦* ድምፆች። ከእኛ አፍ የሚለየው የትኛው ፊደል ነው?

*አምስተኛ፦* ቃላትና ሰዋስው።

ቃል የመጨረሻ የሆነበት ምክንያት አለ። ቃል ከሁሉ ይቀላል፣ ጆሮንም ይዘጋል። ልጁ «አብሽር» የሚለውን አንዴ ከያዘ በኋላ ሌላ ነገር አይሰማም። ወሎዬን የቻለ ይመስለዋል። አንድ ጊዜ እኔም ይህን ቸኩዬ አጥፍቻለሁ። ልጆቹን በቃላት አስጀምሬ መድረክ ላይ አወጣኋቸው። ከዝግጅቱ በኋላ አንዲት እናት መጥተው «ልጄ፣ እኛ እንዲህ ነን?» አሉኝ። አልተቆጡም። ማዘናቸውን ግን ከድምፃቸው አወቅሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ቃል የመጨረሻ ነው።

ደረጃ 5፦ አምስት ምልክት ብቻ ምረጡ

ከሰሙት ሁሉ አምስት ነገር ይምረጡ፦ አንድ ዜማ፣ አንድ ፍጥነት ወይም ዝምታ፣ ሁለት ድምፅ፣ አንድ ቃል ወይም ሰዋስው። ለምን አምስት? ወጣት ተዋናይ ከዚህ በላይ ጭንቅላቱ ውስጥ ከያዘ ትወናውን ይረሳል። ተመልካችም አምስት ነገር ሳይቋረጥ ከሰማ ሰውየውን ያምነዋል። አሥራ አምስት ነገር አልፎ አልፎ ከሰማ ግን አያምነውም።

የሚከተሉትን ለጆሯችሁ ማንቂያ ያህል ላስቀምጥ። ቀረጻችሁ ላይ ከሌሉ አትጠቀሙባቸው።

*ሰሜን ሸዋና ወሎ ገጠር፦* «ከ» ብዙ ጊዜ «ተ» ይሆናል። «ተቤት»፣ «ተዚያ»። «ኸቤት» የሚልም አካባቢ አለ። በአክብሮት ደግሞ «እርስዎ» ከማለት «አንቱ» ማለት በሰሜኑ ገጠር የተለመደ ነው።

*ጎጃምና ጎንደር፦* እኛ «ሄድኩ»፣ «ወሰድኩ» የምንለውን «ሄድሁ»፣ «ወሰድሁ» የሚሉ ብዙ ናቸው። «ሁ» እዚህ በደንብ ትሰማለች። ሁለተኛው ደረጃ ላይ የራሳቸውን «ሁ» ያጡት ልጆች ይህን ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል።

*ሐረርና ድሬዳዋ፦* ታላቅን ሰው «አንተ»፣ «አንቺ» ማለት የተለመደ ነው፣ ንቀትም አይደለም። ይህን ለልጆቹ በደንብ አስረዱ። የሀዋሳ ልጅ ሽማግሌን «አንተ» ሲል ፊቱ ሳያውቀው ይቆጣል፣ ምክንያቱም በእሱ ቤት ስድብ ነው። ድሬዎቹ ግን በፍቅር ነው የሚሉት። ቃሉ ትክክል ሆኖ ፊቱ ከተሳሳተ ገጸ ባሕርይው ባለጌ ይሆናል።

*አፉን በትግርኛ የፈታ፦* ትግርኛ «ሐ»ን ከ«ሀ»፣ «ዐ»ን ከ«አ» በድምፅ ይለያል። ከአናባቢ በኋላ ደግሞ «ቀ» ወደ «ቐ»፣ «ከ» ወደ «ኸ» ይሳሳል። ይህ ልማድ አማርኛው ውስጥ ሊገባ ይችላል። የሚወጣው ከጉሮሮ ስለሆነ ልጆች በኃይል ይሞክሩታል። በቀስታ አስጀምሩ፣ መስታወት ላይ ትንፋሽ እንደሚነፉ ያህል።

*አፉን በኦሮምኛ የፈታ፦* ኦሮምኛ አጭርና ረጅም አናባቢን ይለያል። «ለፈ» መሬት ነው፣ «ላፋ» ለስላሳ። ስለዚህ የአናባቢውን ርዝመት አድምጡ፤ ሰውየው እኛ የምናሳጥራትን አናባቢ ያስረዝማት ይሆናል። «ፕ» በኦሮምኛ ነባር ቃላት ውስጥ የለም፤ «ፖሊስ»፣ «ፓስታ» ሲል ምን እንደሚያደርጋት ስሙ።

*አፉን በሲዳምኛ የፈታ፦* የሲዳምኛ ቃል በአናባቢ ነው የሚያልቀው። አማርኛን ካደገ በኋላ የለመደ ሰው «ቤት»፣ «ሰው» ሲል መጨረሻዋን ስሟት፣ ትንሽ አናባቢ ትከተላት ይሆናል። ግን ሀዋሳ ተወልዶ ያደገ የሲዳማ ወጣት ይህን ላያደርግ ይችላል፣ አማርኛው እንደ እናንተው ነው። የመጀመሪያው ደረጃ አምስት ጥያቄዎች የሚጠቅሙት እዚህ ነው።

ደረጃ 6፦ አፍን ማዘጋጀት

አሁን አፍ ይከፈት። አምስት ደቂቃ አፍ ዘግቶ «ምምም» በማለት ድምፅ ያሙቁ። መንጋጋቸውን በእጃቸው በቀስታ ይሹ። ውሃ ይጠጡ።

ከዚያ ሶፍቱን ከአፋቸው ፊት ይያዙ። «ተ… ጠ»፣ «ከ… ቀ»፣ «ቸ… ጨ» ይበሉ። በ«ተ» ሶፍቱ ይነፋል፣ በ«ጠ» ብዙም አይነቃነቅም። ልጁ ትንፋሹና ድምፁ እንዴት እንደሚለያዩ በዓይኑ ያያል። ይህን የማይለይ ልጅ የሌላ ሰው «ቀ» እንዴት እንደምትለይ አይገባውም።

ቀጥሎ የቀረጻውን ሰው አፍ አስቡ። አፉን በሰፊው ይከፍታል ወይስ ጥርሱን ገጠም አድርጎ ይናገራል? ከንፈሩ ይሠራል? ድምፁ አፍንጫው ጋ ነው ወይስ ደረቱ? ልጆቹ በመስታወት እያዩ ያንን የአፍ ቅርጽ ይያዙና ያለ ቃል ዜማውን ብቻ ያንጎራጉሩ። የሰውየው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ያሉት ቃላት ሁሉ «ምም» ይሁኑ። አንድ ልጅ ሲያንጎራጉር ሌሎቹ የትኛው ዓረፍተ ነገር እንደሆነ ካወቁ ዜማው ገብቷል ማለት ነው።

ደረጃ 7፦ ከቃል ወደ ወግ

በቅደም ተከተል ሂዱ። መጀመሪያ ነጠላ ቃል፣ ከቀረጻው የተወሰደ። ከዚያ ሐረግ። ከዚያ ሰውየው የተናገረው ሙሉ ዓረፍተ ነገር፣ ከቀረጻው ጋር እኩል እየተባለ። ከዚያ ቀረጻው ጠፍቶ።

እዚህ ላይ የሚረሳ ነገር አለ። የተውኔቱን ቃል ከመጀመራቸው በፊት ልጆቹ በዚያ ቅላፄ የራሳቸውን ወግ ያውሩ። «ዛሬ ጠዋት ምን በላህ?» «ትናንት ጨዋታው እንዴት ነበር?» አሥር ደቂቃ እንዲህ ያወራ ልጅ ቅላፄውን ለብሶታል። በቃሉ በሸመደደው መስመር ላይ ብቻ የለመደ ልጅ ግን መድረክ ላይ አንድ ቃል ሲጠፋው ወደ ሀዋሳ አማርኛው ተመልሶ ይወድቃል። ሁሌም የምናየው ነው።

ደረጃ 8፦ ጽሑፉ ላይ ምልክት ማድረግ

በሦስት ቀለም። በአንዱ ዜማው የሚወጣበትንና የሚወርድበትን፣ በሌላው የሚለወጡትን ፊደላት፣ በሦስተኛው የሚለወጡትን ቃላት። የምትጠብቅ ፊደል ላይ የእርሳስ ነጥባችን ትግባ። የትንፋሽ ቦታ ላይ ቀጥ ያለ መስመር።

ለምሳሌ «ከቤት ስወጣ ቀጥ ብዬ ወደ ገበያ ሄድኩ» የሚል መስመር ቢኖር፣ ልጁ «ከ» ምን እንደሚሆን፣ «ቀጥ» ላይ ሁለቱ ፊደላት እንዴት እንደሚወጡ፣ «ሄድኩ» «ሄድሁ» ይሁን አይሁን ከቀረጻው እያመሳከረ ይወስናል። መምህሩ አይንገረው። ቀረጻው ይንገረው።

የጸሐፊውን ቃል መለወጥ ካስፈለገ ግን ጸሐፊውን ወይም አዘጋጁን አስፈቅዱ። ጸሐፊው ቃሉን የመረጠው ለአንድ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 9፦ በስሜት መፈተን

ተረጋግቶ ሲናገር ቅላፄው የማይነቃነቅ ልጅ ሲጮህ ይጥለዋል። ስለዚህ ያንኑ መስመር በንዴት፣ በሹክሹክታ፣ ግቢውን ዞሮ እየሮጠ፣ በስልክ፣ ለሕፃን ልጅ ይበለው። የት እንደሚጠፋበት ጻፉ። የጠፋበት ቦታ ላይ ወደ ደረጃ 6 መልሱት፣ ወደ ዜማው። ቃሉን ብቻ ብታርሙለት ነገ ይደግመዋል።

ደረጃ 10፦ መቀነስ

ገጸ ባሕርይው ሙሉ በሙሉ እንደ ቀረጻው ከተናገረ ኋላ የተቀመጠው ሰው ላይገባው ይችላል። ጽሑፉን የማያውቅ ሰው ጋብዙና መጨረሻው ወንበር ላይ አስቀምጡ። ያልሰማውን ቃል ሲያገኝ እጁን ያንሳ። እጅ የተነሳበት ቦታ ላይ ድምፁን ትንሽ ወደ እኛ አምጡ፣ ዜማውን ግን አትንኩ። ቃሉ ጥርት ብሎ ዜማው ካለ ሰውየው አለ።

ደረጃ 11፦ የቃሉ ባለቤት ይስማ

ከመድረክ ሁለት ሳምንት በፊት የቀዳችሁትን ሰው ወይም የአገሩን ልጅ ልምምድ ላይ ጋብዙ። ቡና አፍሉ። ሲጨርሱ «ጥሩ ነው ወይ?» አትበሉ፣ ሰው በትህትና «ጥሩ ነው» ይላችኋል። «ይህ ሰው የየት አገር ሰው ይመስልዎታል? የቱ ጋ አላመኑትም?» በሉ። የሚሉትን ልጁ ራሱ በደብተሩ ይጻፍ። ቅር የሚያሰኛቸው ነገር ካለ አውጡት። እዚህ ላይ አልከራከርም፣ እናንተም አትከራከሩ።

ብዙ ጊዜ የሚሠሩ ስህተቶች

*አገር መቀላቀል።* ልጁ ከሸዋ «ተ»ን፣ ከጎጃም «ሁ»ን፣ ከሐረር «አቦ»ን ይዞ አንድ ሰው ይሠራል። «የገጠር አነጋገር» የሚባል አንድ ነገር የለም። መፍትሔው ወደ አንዱ ቀረጻ መመለስ ነው።

*ከቀልድ መማር።* ልጆች ስልካቸው ላይ ካዩት አጭር ቀልድ ይቀዳሉ። ቀልደኛው ራሱ የሚያጋንነው እንዲያስቅ ነው። የተጋነነውን መልሶ ማጋነን ይሆናል።

*ዘዬን ከድህነት ወይም ከሞኝነት ጋር ማሰር።* ዘዬ ሲጀምር ትከሻው የሚጎብጥ፣ አፉ የሚከፈት ልጅ አለ። ማንም አላዘዘውም። ያንኑ መስመር ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ እንደ ዳኛ ወይም እንደ ሐኪም አድርጎ ይበለው። ከዚያ ወደ ገበሬው ይመለስ። ገበሬው ክብሩን ይዞ ይመለሳል።

*መምህሩ ራሱ እያሰማ ማስለመድ።* እኔም እናንተም ስንመስል እንሳሳታለን፤ ልጆቹ የሚይዙት የእኛን ስህተት ይሆናል። ቀረጻውን ክፈቱ።

*ዝም ያለውን ልጅ መርሳት።* ዘዬ ለሌለው ገጸ ባሕርይ የተመረጠ ልጅም ይስማ። መድረክ ላይ የሚያናግረውን ሰው አነጋገር ካልለመደ ያልገባው መስሎ ያፈጣል።

*በመጨረሻው ሳምንት መጀመር።* ሳምንት ብቻ ከቀራችሁ ዘዬውን ተዉት። ልጁ በራሱ አማርኛ ቢጫወት ይሻላል። ሰዓት ካላችሁ ዜማውን ብቻ አስይዙት።

ቀረጻዎቹን ማስቀመጥ

በእያንዳንዱ ቀረጻ ስም ላይ የሰውየውን አካባቢ፣ ግምታዊ ዕድሜ፣ አፍ የፈታበትን ቋንቋና የተቀዳበትን ዓመት ጻፉ። ስሙን አትጻፉ። ለሌላ ቡድን ከመስጠታችሁ በፊት እንደገና አስፈቅዱ፣ የፈቀደላችሁ ለእናንተ ክፍል ነውና። በቴሌግራም አታሰራጩ። ባለቤቱ «ይጥፋልኝ» ካሉ በዚያው ቀን ከሁሉም ስልክ ላይ አጥፉ፣ ማጥፋታችሁንም ደውላችሁ ንገሯቸው።